የጽዳት ፈቃድና የሸዋርካብሽ ጣቶች

ሸዋርካብሽን ከራጉኤል ወረድ ብሎ ባለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ማጠብ ከጀመርሽ ስንት ዓመት ሆነሽ ብለው ሲጠይቋት፣ «ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ነዋ» ትላለች። ሕንፃው መቼ ተሠራ ሲሏት ደግሞ፣ «እኔ ማጠብ የጀመርኩ ጊዜ» ትላለች። ከዚህ ወዲያ የሚያጣራ ሰው መርካቶ ውስጥ አይገኝም፤ ሁሉም ሥራ አለው። ሕንፃውን ያሠሩት የሰፈሩ ነባር ባለሱቆች ናቸው። የቆርቆሮ ሱቃቸውን አፍርሰው፣ አክሲዮን አዋጥተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ እንደገና ተጣልተው ነው ያቆሙት። የደረጃው ሲሚንቶ በቅጡ ሳይደርቅ ሸዋርካብሽ መጥረጊያዋን ይዛ ከች አለች። ማንም አልቀጠራትም። ሂጂ ያላትም የለም። እንዲህ እንዲህ እያለች የሕንፃው ሰው ሆነች።

ሠርኬ ከእሷ ኋላ ነው የመጣችው። አውቶቡስ ተራ አንድ አልጋ ቤት ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር፤ ከባለቤቱ ጋር ተጣልታ የወጣች ዕለት ሸዋርካብሽ ትርፍ ባልዲ ሰጠቻትና በዚያው ቀረች። ሁለቱም ብቸኛ ስለነበሩ አማኑኤል አካባቢ አንድ ክፍል ቤት አብረው ተከራዩ። ያገኙትን ሸዋርካብሽ አንገቷ ላይ በምታንጠለጥላት የጨርቅ ቦርሳ ያስቀምጣሉ፣ የሕንፃውን ቁልፎች ሠርኬ ትይዛለች። አለቃና ምንዝር የሚባል ነገር በመካከላቸው ኖሮ አያውቅም።

መቼም ወለል ማጽዳት ማንም ይችላል። መርካቶ ውስጥ ጣጣው ጥራጊው መቼ ይውጣ የሚለው ነው። ነጋዴው ማታ ሊዘጋ ሲል ሱቁ እንዲጠረግለት ይፈልጋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ጥራጊ ከበር አይወጣም፤ ሀብት ተከትሎት ይወጣል ይባላል። ጠዋትም የመጀመሪያው ገዢ ሳይገዛ ጥራጊ ሲወጣ ማየት አይወዱም። ይህን ታምንበታለህ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያምን አንድ ነጋዴ አታገኙም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «ተረት ነው» ይላችኋል። «ግን ለማንኛውም ይደር» ይላችኋል። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ማታ ይጠርጋሉ፣ ጥራጊውን በየሱቁ በር ጀርባ በካርቶን ያሳድራሉ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ገዢ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ ጠብቀው ካርቶኑን ያወጣሉ። ይህን ሥርዓት ማንም አላስተማራቸውም፤ ተሰድበው ነው የተማሩት።

ታዲያ ያ የካሽ ሬጂስተር ማሽን መርካቶ የገባ ሰሞን፣ ነጋዴው ሁሉ ማሽኑን በጎሪጥ በሚያይበት ጊዜ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ጀማለዲን ሸዋርካብሽን አስጠሯት። ጋሼ ጀማለዲን መጋረጃ በጅምላ የሚሸጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ክፉ ወሬ ሲኖራቸው ሻይ የሚያዙ ሰው ናቸው። ሻይ አዘዙላት። ሸዋርካብሽ ሻዩን ስታይ ነገር እንዳለ ገባት።

«ግብር ሰብሳቢዎቹ ለጽዳት የምትከፍሉበት ደረሰኝ የታለ አሉን» አሏት።

«እኔ ደረሰኝ ከየት አመጣለሁ ጋሼ? እርስዎ ያውቁኝ የለም እንዴ?»

«እኔማ አውቅሻለሁ። እነሱ የሚያውቁት ደረሰኝ ነው። ንግድ ፈቃድ አውጪ። ሐምሌ ሲገባ ፈቃድ ከያዝሽ ሕንፃው ያንቺ ነው። ካልያዝሽ ኮሚቴው በቦሌ በኩል አንድ ድርጅት አነጋግሯል።» «ዩኒፎርም አላቸው» ብለው ጨመሩ።

ሸዋርካብሽ ሻዩን ጠጥታ ጨረሰች። ዩኒፎርም የሚለውን ቃል ግን ይዛው ወደ ቤት ሄደች።

ማታ ለሠርኬ ነገረቻት። ሠርኬ እግሯን እየታጠበች አዳመጠች።

«ንግድ ፈቃድ ለነጋዴ አይደል? እኛ ምን ሸጠን?»

«ጉልበት።»

«እሱንማ ድሮም ስንሸጥ ኖረናል። ያን ጊዜ ማን ፈቃድ ጠየቀን?»

በሁለቱም ስም እንዲወጣ ተስማሙና ነጠላቸውን አጣጥፈው ተኙ።

የንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የገጠማቸው ሠራተኛ ውብሸት ይባላል። ወጣት ነው፤ ከተናደደ የቆየ፣ አሁን ግን መናደድ የሰለቸው ሰው ፊት አለው። የድርጅቱ ስም ማን ይሁን አላቸው። «ጽዱ» አሉ። ተይዟል። «ንጹሕ»። እሱም ተይዟል። «ፅዳት ለጤና» ያለችው ሠርኬ ናት፤ እሱማ ሦስት ቦታ ተይዟል። ንጽሕና የሚባለውን ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቀድሟቸው ጨርሶታል። በኋላ ውብሸት ራሱ፣ «በገዛ ስማችሁ አድርጉት፤ ስማችሁን ማንም አልያዘባችሁም» አላቸውና ሁለቱን ስም አያይዞ ጻፈው።

ቀጥሎ የሥራ ቦታ አድራሻ ተጠየቁ። ሥራችን ሰው ወለል ላይ ነው ቢሉ አልሆነም፤ ግድግዳና በር ያለው ቦታ መኖር አለበት። ጋሼ ጀማለዲን ከደረጃው ሥር ያለችውን የባልዲ ማስቀመጫ ቢሮ ናት ብለው ደብዳቤ ሰጧቸው። ቦታውን የሚያይ ሰው ተላከ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ቀና ሲል ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ፣ መወልወያዎቹን አየ፣ ወጣ። «ለሥራው አመቺ ነው» ብሎ ፈረመላቸው።

እስከዚህ ድረስ የከፋ ነገር አልነበረም። ነገሩ የተበላሸው ቲን ቁጥር ለማውጣት የጣት አሻራ ስጡ ሲባሉ ነው። ሸዋርካብሽ አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። ማሽኑ ጢጥ አለ። ውብሸት እንደገና አላት። ጢጥ። በሌላው ጣት። ጢጥ።

«እጅዎን ታጥበው ይምጡ» አላት።

ይህን ለሸዋርካብሽ መንገር ለዓሣ ዋና እንደማስተማር ነው። ከፋት፤ ቢሆንም ወጥታ ቧንቧው ላይ በሳሙና ፈትጋ ታጥባ ተመለሰች። ማሽኑ ይባስ ብሎ ዝም አለ። ሠርኬ ተራዋን ሞከረች፤ የእሷም ያው። ውብሸት ከወንበሩ ተነሳ፣ የሸዋርካብሽን እጅ ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው። ጣቶቿ ጫፍ ላይ መስመር የሚባል ነገር የለም። በረኪናው ልጦ ልጦ እንደ ሸክላ አለስልሶታል።

ጓንት የለም ወይ የሚል አይጠፋም። አለ። ግን በረኪናው አንድ ወገን ይበላዋል፣ የተሰበረ ጠርሙስ ሌላውን ወገን ይጨርሰዋል። ደግሞም ሸዋርካብሽ በጓንት ወለል መንካት እጅን በካልሲ ጠቅልሎ እንጀራ እንደመቁረስ ነው ትላለች።

«ውሃና በረኪና ሳይነኩ ጥቂት ሳምንት ይሰንብቱ» አላት ውብሸት። «ቆዳው ሲያገግም አሻራው ይመለሳል። ቫዝሊን ይቀቡ።»

«ሳልሠራ?»

«ሳይሠሩ።»

«ፈቃዱ ግን ለምን ሥራ ነበር?»

«ለጽዳት» አለ ውብሸት። አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ግን ሳቀ።

ማታ ቤታቸው ቁጭ ብለው መከሩ። ሁለቱም እጃቸውን ካሳረፉ ሕንፃውን የሚጠርግ የለም። ሁለቱም ከሠሩ አሻራ የለም። በሁለት ስም ለማውጣት ደግሞ የሁለቱም ጣት ያስፈልጋል፤ ሐምሌም እየቀረበ ነው።

«አንቺ ዕረፊ» አለች ሠርኬ። «ሕንፃው የሚያውቀው አንቺን ነው። በአንቺ ስም ይውጣና ሕንፃውን እናትርፍ። ከዚያ እኔ አርፋለሁ፣ ስሜ ይገባል።»

«በወረቀት አንድ ብንሆንም በሥራ ሁለት ነን» አለች ሸዋርካብሽ።

«ታዲያስ» አለች ሠርኬ። መሐላም አላስፈለገም።

በማግስቱ ሸዋርካብሽ ከደረጃው ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጆቿ ቫዝሊን ተለቅልቀው በፌስታል ተጠቅልለዋል። ከሁለተኛ ፎቅ ጫማ የሚሸጠው ይመር ሲያልፍ አያትና፣ «ሹመት ያዳብር» አላት። እንዲህ ባለ ቀልድ የተነሳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ሠርኬ ተንበርክካ ደረጃ ስትፈገፍግ እያየች እግሯ ብድግ ብድግ ይላል፤ ፌስታሏን ታይና ትቀመጣለች።

ግን መቀመጥም ይለመዳል። ሲሰነብት እግሯ ብድግ ማለቱን ተወ። ቀጥሎ አገጯ መጠቆም ጀመረ። «እዚያ ጥግ ቀረሽ፣ ሠርኬ።» «ያንን ውሃ ቀይሪው፣ ጠቁሯል።» እውነት ነው፣ ጥጉ ቀርቷል፣ ውሃውም ጠቁሯል። ሠርኬ እሺ ትላለች፣ ትሄዳለች፣ ታጥባለች። የሁለት ሰው ሥራ ለብቻዋ ስለሆነ ቀና ብላ የምትመልስበት ጊዜም የላት።

አራት ፎቅ ለአንድ ሰው ግን አልሆነም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አጉረመረሙ፤ ኮሚቴውም በዚያው ሙከራ እናድርግ ብሎ የቦሌውን ድርጅት ጠራ። ሰማያዊ ለብሰው መጡ። ሲነሳ ጆሮ የሚያደነቁር ማሽን ይዘዋል። ሐቁን መናገር ደግ ነው፤ ወለሉ አበራ። ሸዋርካብሽ በሕይወቷ ያን ሕንፃ እንዲያ ሆኖ አይታው አታውቅም፣ አንጀቷ እርር አለ። ሊመሽ ሲል ሱቆቹን ጠረጉና ጥራጊውን በትልልቅ ማዳበሪያ አጭቀው፣ ጀንበር ጠልቃ፣ በዋናው በር ተሸክመውት ወጡ። ሠርኬ ልትጮኽባቸው አፏን ስትከፍት ሸዋርካብሽ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

«ተያቸው። ዩኒፎርም አላቸው።»

በማግስቱ ገበያው ሞተ። ሰኔ ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ገዢ አልመጣም። ቀትር ላይ ይመር ከሱቁ ወጥቶ፣ «ትናንት ጥራጊ ያወጣው ማነው?» አለ። ወሬው በአራቱም ፎቅ ወጣ ወረደ። አንዱ በዝናቡ ነው ቢል፣ «ዝናቡስ ቢሆን ለምን ዛሬ መጣ?» ተባለና አፉን ዘጋ። ጋሼ ጀማለዲን በእንዲህ ዓይነቱ ተረት አያምኑም። ድርጅቱን ያሰናበቱት፣ እሳቸው እንዳሉት፣ ማሽኑ መብራት ስለሚፈጅ ነው። ለሸዋርካብሽ ግን ሻይ አዘዙላት።

«አሁንም ያው ነው» አሏት። «ያለ ደረሰኝ ልከፍልሽ አልችልም። እነሱ ባይሆኑ ሌላ እንፈልጋለን። ጣትሽ እንዴት ነው?»

ጣቷን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደ ሐር ጨርቅ መረመሩት። «መስመር ይታየኛል» አሉ።

ውብሸትም ታየው። በሐምሌ ዋዜማ ሸዋርካብሽ አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ ስታስቀምጥ ማሽኑ ሌላ ድምፅ አሰማ፤ አረንጓዴ በራ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወረፋ ብቻ ነበር። ፈቃዱ ወጣ፣ ስሙም ተስተካክሎ «ሸዋርካብሽ የጽዳት አገልግሎት» ተብሎ ተጻፈ። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ወረቀቱን ሳመችው፣ ፍሬምና መስታወት ገዝታ ባልዲዎቹ ቤት ውስጥ ሰቀለችው። ሠርኬም እየሣቀች ምስማሩን መታችላት።

ውሉ የተፈረመ ዕለት የኮሚቴው አባላት ጋሼ ጀማለዲን ሱቅ ውስጥ በመጋረጃ ጥቅል ላይ ተደርድረዋል። ሠርኬ ባልዲዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ጸሐፊው፣ «ስንት ሠራተኛ አለሽ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ሠራተኛ አለችኝ» አለች ሸዋርካብሽ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጸሐፊው ጻፈው፣ ሌሎቹ ሻይ እየጠጡ ነበር፣ ማንም ልብ አላለም። ሸዋርካብሽ ራሷም ልብ ያለችው ወደ በሩ ስትዞር ነው። ሠርኬ የለችም። ከላይኛው ደረጃ የባልዲ ድምፅ ይሰማል።

ማታ ቤት ሲገቡ ሠርኬ የሕንፃውን ቁልፎች ከመቀነቷ ፈትታ ሸዋርካብሽ አልጋ ላይ አስቀመጠች።

«ቁልፍ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚያድረው።»

«ምን ሆነሻል?»

«ምን እሆናለሁ? ደሞዝ ወሩ ሲያልቅ ነው ወይስ በየአሥራ አምስት ቀኑ?»

ሸዋርካብሽ ብዙ የምትለው ነበራት። ለወረቀቱ ብዬ ነው፣ አጠያየቁ ነው፣ አመለጠኝ። ሁሉም እውነት ነው፣ ግን አንዱም ከአፏ አልወጣም፤ ምክንያቱም ቃሉ ሲወጣ እንዳልከበዳት ታውቃለች። እንዲያውም ጥሟት ነበር። አፈረች። በሕይወቷ እንዲያ አፍራ አታውቅም። ቁልፉን ያስቀመጠውን የሠርኬን እጅ አየችው። የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ደም አቁሯል። የእሷ እጅ የሙሽራ መስሏል። ሠርኬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ጠዋት ሠርኬ ሕንፃው ስትደርስ ሸዋርካብሽ ቀድማት ሄዳለች። ቀሚሷን አሸርጣ አንደኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተንበርክካ ነበር፤ ያለ ጓንት፣ እስከ ክርኗ በረኪና ውስጥ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ሠርኬ። «ጣትሽን እኮ ትጨርሺዋለሽ። ፈቃድ ሲታደስ እንደገና ቢጠይቁሽስ?»

«ያን ጊዜ አንቺ ታጥቢያለሽ። አሁን የማረፉ ተራ ያንቺ ነው፣ ተቀመጪ።»

«ሥራ አለኝ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ፣ ሠርኬ። ትናንት አጥፍቻለሁ። አጥፍቻለሁ ብዬ ብቻ ደግሞ አልተውሽም።»

ሠርኬ ወንበሩን ጎትታ ተቀመጠች፣ ግን እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ። ሸዋርካብሽ ቫዝሊኑን አምጥታ እጇን ሳብ አድርጋ ቀባቻት። የተሰነጠቀው ሲነካ ሠርኬ ጥርሷን ነከሰች እንጂ እጇን አልሸሸገችም። ሸዋርካብሽ ፌስታሉን አሰረችላትና ወደ ባልዲዋ ተመለሰች።

ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ጀማለዲን የመጀመሪያውን ወር ክፍያ በቅድሚያ በፖስታ ይዘው መጡ። ወንበሩ ላይ ያለችውን አዩ፤ ወለሉ ላይ ያለችውን አዩ። እንደገና ወንበሩን አዩ።

«ሸዋርካብሽ፣ ሠራተኛሽን አስቀምጠሽ ባለቤቷ ታጥቢያለሽ?»

ሸዋርካብሽ ቀና አላለችም። «ባለቤቷማ የተቀመጠችው ናት፣ ጋሼ» አለች። «ለእሷ ይስጡልኝ።»

ጋሼ ጀማለዲን ፖስታውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ። ሠርኬ በፌስታል በተጠቀለለ እጇ ልትቀበል ሞከረች፤ ፖስታው አሟለጫት። አሁንም ሞከረች፣ አሁንም አሟለጫት፣ ያን ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ቫዝሊኑን እንዳትነካኪው» አለች ሸዋርካብሽ ደረጃውን እየፈገፈገች። «ጭኗ ላይ ያስቀምጡላት።»